አንድ መጽሐፍ ለስንት ሰው ይበቃል?

ጳጉሜን ስትቃረብ ደብዳቤ ይበዛል። ዘንድሮ አብዛኛው ስለ መጽሐፍ ነው። ዓመቱን ምን ሲያነቡ ከረሙ የሚል አለ፣ ከጓደኞቼ ጋር ማንበብ ጀምረን ተበተንን የሚል አለ፣ መጽሐፍ ተወደደ ምን ይሻላል የሚልም አለ። ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከእነዋሪ፣ ከዓለም ከተማ። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉውን ለንባብ ለቅቄዋለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያለሁ፤ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬያለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ ካነበቡት ሁሉ የወደዱት የቱን ነው? እባክዎ አንድ ብቻ ይምረጡ። (መምህርት፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አንድ ብቻ ካልሽኝማ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። አዲስ መጽሐፍ ጠብቀሽ ይሆናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ያላነበበው ቢኖር እንኳ ስሙን ያልሰማ የለም። እኔም ድሮ አንብቤው ነበር። ዘንድሮ ያነበብኩት ግን ከሰው ጋር ነው።

እዚህ ጠባሴ እሁድ እሁድ ቡና የምንጣጣ ጎረቤታሞች አለን። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ። በር ተዘግቶ፣ ፍም በምድጃ ተሞልቶ፣ ጋቢያችንን ተከናንበን አንዳችን ጮክ ብለን እናነባለን፣ ሌሎቻችን እንሰማለን። መጽሐፉ አንድ ብቻ ነው፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ። ከሰሚዎቹ መካከል ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች አሉ። ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ። ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል የጨረሰች ልጅም አለች።

ለብቻዬ ሳነብ ሳላየው ያለፍኩት ስንት ነገር እንዳለ ያወቅሁት እዚያ ነው። የመጽሐፉ ባለታሪክ የበዛብህ ወላጆች ልጁ እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ድሮ ይህንን ቦታ ያነበብኩት ታሪኩ ወደ ፍቅረኛው ወደ ሰብለ ወንጌል እስኪደርስልኝ እየቸኮልኩ ነበር። እዚያ ቤት ግን ንባቡ ቆመ። አንዲት እናት «በገዛ ራስ ይሳሏል እንጂ በሰው ዕድሜ ይሳሏል እንዴ?» አሉ። ሌላዋ ወዲያው «ልጅ ቀብረሽ ስለማታውቂ ነው» አሏቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም ተናገረ። ስለት የገባ፣ ስለት ያፈረሰ፣ እናቱ የተሳለችውን ስለት አድጎ የከፈለ፣ ሁሉም የራሱን አወጣ። የዚያን ዕለት ከሦስት ገጽ በላይ አልሄድንም፤ ቡናው ግን በረካ ደርሷል። ልጁን የጎዳው የወላጆቹ ስለት ነው ወይስ የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት? መጽሐፉን ጨርሰነውም ይህ ክርክር አላለቀም።

ቆይተን ድምፅ ተከፋፈልን። የፊታውራሪ መሸሻን ቃል ጋሼ ያነባሉ፣ ድምፃቸው ከባድ ነው። ጉዱ ካሣን ልጅቷ ወሰደችው፤ እሱ ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ ሲናገር ነገሩ የራሷ ይመስል ፊቷ ይለወጣል። ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ፍቅረኛዋን ፍለጋ የሄደች ጊዜ ያለቀሰው ብዙ ነው። ማን እንዳለቀሰ አልጽፍም፣ ዓምዱን ያነባሉ።

የዓመቱ መጽሐፌ ይህ ነው። ሌሎች አዳዲሶችም አንብቤያለሁ፣ ጥሩ ጥሩዎች ነበሩ። ሆኖም እስካሁን ከሰው ጋር የማወራው ስለዚህኛው ነው።

ጥያቄ፦ እኛም እንደ እርስዎ ዘጠኝ ሴቶች ሆነን የንባብ ቡድን አቋቁመን ነበር። በወር አንድ መጽሐፍ ብለን ጀመርን። የሚያነበው ሁለትና ሦስት ሰው ሆነ፣ ሌላው ሳያነብ እየመጣ ያፍራል፣ ቀጥሎ ይቀራል። ከሦስት ወር አላለፍንም። ምን እናድርግ? (ሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ እኅቴ፣ ችግሩ ከሴቶቹ አይደለም፣ ከአሠራሩ ነው። ቤት አንብበሽ ነይ ማለት የቤት ሥራ መስጠት ነው። ውሎዋ በሱቅ፣ በእርሻና በልጅ የተያዘ ሴት ማታ ራሷን ትራስ ላይ ስታደርግ እንቅልፍ ይወስዳታል እንጂ አትገልጥም። ደግሞ ዘጠኝ መጽሐፍ መግዛት በዛሬ ዋጋ ቀላል አይደለም።

እዚያው አንብቡት። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ አንባቢ፣ ስምንት ሰሚ። ማንም ተዘጋጅቶ አይመጣም፣ ስለዚህ የሚያፍር የለም። የእናንተ አገር ቆላ ነው፣ ቀኑ ያቃጥላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግታችሁ ብትቀመጡ ከኛ የተሻለ ቦታ አላችሁ።

ከልምድ የማውቃቸውን ልንገርሽ። አንባቢዋን አፈራርቁ፣ ግን አታስገድዱ። ጮክ ብሎ ማንበብ የሚያስፈራት ሴት ወሩን ሙሉ ስትሰማ ትቆይና አንድ ቀን ራሷ «እስቲ ስጡኝ» ትላለች። ያነበበችው ሴት አስተያየት ለመስጠት መጀመሪያ አትሁን፣ የሰሙት ይቅደሙ። አለበለዚያ መጽሐፉን የያዘችው አስተማሪ ትሆንና ሌላው ተማሪ ሆኖ ይቀራል። ባለፈው የቀረች ካለች ካለፈው የተነበበውን ከሰሚዎቹ አንዷ ትተርክላት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የእኛን ቤት ያቆየው ግን እሱ ነው። የምትተርከው ሴት አሳምራ ለመተረክ ስትል ከሁሉም በላይ ታዳምጣለች። የቀረችውም ብመጣ አይገባኝም ብላ አትሸሽም።

ደግሞ ምዕራፍ እንጨርስ ብላችሁ አትድከሙ። ነገሩ ሲጦፍ፣ ሰው «ቀጥዪ እንጂ!» ሲል፣ እዚያ ላይ ዝጉት። በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አይቀርም።

በወር አንድ መጽሐፍ የሚለውን ደግሞ እርሱት። እኛ አንዱን ይዘን ክረምትና በጋ ተፈራርቆብናል።

ጥያቄ፦ መንዞች ነን። ሁልጊዜ የምናነበው ስለ ጎጃም፣ ስለ አዲስ አበባና ስለ አስመራ ነው። ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ የወጡ ደራሲያን የሉም? ቢኖሩስ በየትኛው እንጀምር? (ወጣት፣ መሐል ሜዳ)

መልስ፦ ሞልተዋል! ያውም የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ምሰሶ የሆኑት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። ከበደ ሚካኤል የተወለዱት እዚያው እናንተው አገር፣ መንዝ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ደግሞ የአሳግርት ናቸው። በየትምህርት ቤታችን ስማቸው በግድግዳ ላይ ቢጻፍ የሚበዛባቸው አይደሉም።

ለቡድን ንባብ ከሆነ በኅሩይ «አዲስ ዓለም» ጀምሩ። የታተመው በ1925 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ አወቀ ስለሚባል ወጣት ነው። ፈረንሳይ አገር ተምሮ ይመለሳል፤ አባቱ ይሞታል፤ ዘመድ በትልቁ ተዝካር አውጣ ይለዋል፤ እሱ አይሆንም ይላል። አሁን ይሄ መንዝ ውስጥ ቢነበብ ማን ዝም ብሎ ይሰማል? እኔ የማውቃቸው ሰዎች አሉ፣ ለተዝካር በሬ ሸጠው፣ ተበድረው፣ ከዚያ ዕዳውን ዓመታት የከፈሉ። ተዝካር ደግሞ ዝም ብሎ ድግስ አይደለም፤ ሐዘንተኛውን ሰው የሚሰበስብለት፣ ደሃ የሚበላበት ነው የሚሉም አሉ፣ እነሱም እውነት አላቸው። መጽሐፉ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ክርክሩ ግን ባለፈው ሳምንት እዚህ ሰፈር የሰማሁት ነው። አማርኛው ትንሽ ጥንታዊ ነው፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን ይቀላል፤ በተለይ ዕድሜ የገፉ ሰዎች ከመካከላችሁ ካሉ እናንተን የሚያደናቅፋችሁን ቃል እነሱ ሳይቸገሩ ይነግሯችኋል።

ቀጥላችሁ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ያዙ። አጫጭር ነው፣ አንድ ስኒ ቡና ሳይቀዘቅዝ አንዱ ያልቃል። ግጥም ያለበትንም ምረጡ። የእሳቸው ግጥም ለጆሮ የተሠራ ነው፣ ቤት አመታቱ ሰሚው መጨረሻዋን ቃል ከአንባቢው ቀድሞ እንዲል ያደርጋል። ልጆችን አስቀምጣችሁ ሞክሩት።

የተክለ ጻድቅን የታሪክ መጻሕፍት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ ማንበብ አልመክርም፣ ይከብዳል። ክርክር ሲነሳ ግን ገልጣችሁ ታዩበታላችሁ።

ከቅርቡ ዘመን ደግሞ የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» አለላችሁ፤ የታተመው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን ጉዞው ወደዚያው ወደ መንዝ ነው። የምታውቁትን ብርድና ገደል በመጽሐፍ ውስጥ ማግኘት ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ነው። ዳዊት እደግም ነበር፣ ልብ ወለድም እወድ ነበር። አሁን ዓይኔን ሞራ ጋረደኝና ፊደሉ ይጠፋብኛል። እንዲሁ ልቀመጥ ወይ? (እነዋሪ)

መልስ፦ አባቴ፣ አይቀመጡም። አስቀድሞ ሞራውን ሐኪም ይይልዎት። በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው፣ ብዙ ሰው ብርሃኑ ተመልሶለታል። ስለ ዕድሜ ብለው አይተዉት።

እስከዚያው ጆሮዎ አለ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰምተውት ይሆናል፤ ያ ትረካ ዛሬም ይገኛል። ሚሞሪ የምትቀበለዋን ትንሿን ሬዲዮ ያውቋታል፣ ገበሬው እርሻ ላይ የሚያንጠለጥላት። የልጅ ልጅዎን ስልክ ቤት ይላኩት፣ ትረካውን ያስጭንልዎ። ሌሎች ልብ ወለዶችም አብረው ይጫናሉ። ማታ ማታ ደግሞ ያው ልጅ ራሱ አንድ አንድ ገጽ ያንብብልዎ። ሲሳሳት ያርሙታል። እሱም ይጠቀማል፤ የእርስዎን አማርኛ ከየትም አያገኘውም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። መጽሐፍ የመግዛት አቅም የለኝም፤ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ አውርጄ አነባለሁ፣ ለጓደኞቼም እልካለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ሌባ ነህ አለኝ። እውነት ሌባ ነኝ? (ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጄ፣ ስድቡን ተወውና ነገሩን እንየው። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። በእሱ መሠረት ደራሲው በሕይወት ሳለም፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት መብቱ የራሱና የወራሾቹ ነው። ኅሩይ ያረፉት በስደት እንግሊዝ አገር በ1931 ዓ.ም. ነው፤ የእሳቸውን መጽሐፍ በስልክህ ብታዞረው የማንንም መብት አልነካህም። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፣ ገና ነው። በሕይወት ስላሉትማ አናወራም።

ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ እኛ አገር ብዙ ደራሲ የሚያሳትመው ከራሱ ኪስ ነው። ተበድሮ የሚያሳትምም አለ። ወረቀት በተወደደበት ጊዜ ሺህ ቅጂ አሳትሞ፣ በሳምንቱ መጽሐፉ ተቀርጾ በየቻናሉ ሲለቀቅ ሁለተኛ አይጽፍም። ያንን ነው የምፈራው። ዛሬ በነፃ የምታነበው ደራሲ ነገ ሌላ ሥራ ይዞ ይሄዳል።

አቅም የለኝም ያልከው እውነት ነው፣ በዚህ ኑሮ ማንም አይፈርድብህም። ግን ዶርም ውስጥ ስንት ናችሁ? ገንዘብ አዋጥታችሁ በወር አንድ መጽሐፍ ግዙ። ተራ በተራ አንብቡት፤ ወይ እንደኛ አንዳችሁ አንብቡ ሌላችሁ ስሙ። ለየብቻው ያልተቻለ ለስድስት ይቻላል። አዲስ አበባ ስትሄዱ አሮጌ መጽሐፍ ከሚያዞሩት ጋር ተከራክራችሁ ግዙ። ዓመቱ ሲያልቅ መደርደሪያ ሙሉ ባይሆንም አንድ ካርቶን ይኖራችኋል፤ ስትመረቁም ለታናናሾቻችሁ ጥላችሁላቸው ትሄዳላችሁ።

ጥያቄ፦ ያዋስኩት መጽሐፍ ተመልሶልኝ አያውቅም። ማዋስ ላቁም? (ዓለም ከተማ)

መልስ፦ አታቁሚ። ደብተር ያዢ፤ የወሳጁን ስም፣ የመጽሐፉን ርእስና ቀኑን ራሱ ወሳጁ በእጁ ይጻፍ። በእጁ የጻፈ ሰው አይረሳም። ሳይመልስ ሁለተኛ አትስጪው፣ ወንድምሽም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሰባትና አሥር ዓመት። ስልክ ካልሰጠኋቸው አይተኙም። ምን ላንብብላቸው? (ነጋዴ፣ ደብረ ሲና)

መልስ፦ የምታነቢው ከሚጠፋ አንቺው ተርቺላቸው፣ አያትሽ የተረተችልሽን። ትልቁ ልጅ ደግሞ ምስር ስትለቅሚ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ያንብብልሽ። በጥሞና ስሚው፤ ልጅ እናቱ እየሰማችው እንደሆነ ካወቀ ያነባል። ስልኩን አንቺም በዚያ ሰዓት አትንኪው።

ጥያቄ፦ ቡድናችን «ኦሮማይ»ን አንብቦ ሊጣላ ደረሰ። አንዱ ወደ ደርግ ወሰደው፣ አንዱ ወደ ዛሬው ጦርነት አመጣው፣ ሁለት ሰው ተኳርፎ ቀረ። የፖለቲካ መጽሐፍ እንተው? (ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ለምን ትተዋላችሁ? በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳትሞ ሥራውን አጣ፤ በ1976 ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ሰው ሕይወቱን የከፈለበትን መጽሐፍ እንዳንጣላ ብለን መተው ይከብዳል።

ይልቅ አንድ ነገር ሞክሩ። ሰው መከራከር ሲጀምር «የቱ ገጽ ላይ ነው?» በሉት። ባለታሪኩ ጋዜጠኛ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ምን አለ? አስመራ ላይ ፊያሜታን ሲያገኛት አዲስ አበባ ትቷት የመጣት ሮማን ትዝ ትለዋለች ወይ? የደርግ የኤርትራ ዘመቻ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ወሬ ሲሆን ጋዜጠኛው ልቡ ምን ይለዋል? ጥያቄው ወደ ገጹ ሲመለስ ሰውዬውም ወንበሩ ላይ ይመለሳል። የእኛ ቤት ጋሼ በዚህ የታወቁ ናቸው፣ ነገር ሲከር መጽሐፉን ወደ ተናጋሪው ይገፉና «አሳየኝ» ይላሉ።

ያም ሆኖ ይህች አካባቢ ባለፉት ዓመታት ብዙ አይታለች። ቤቱ የተቃጠለ፣ ልጁ የሞተበት፣ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ይሆናል። ስለ ጦርነት የሚያወራ ምዕራፍ ከመክፈታችሁ በፊት እያንዳንዱን «ይከብድሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚከብደው ካለ ያንን ምዕራፍ ለብቻችሁ አንብቡት፣ ለእሱ ሌላው ይተረክለት። የተኳረፉትን ሁለቱን ደግሞ ዝም አትበሏቸው። ሽማግሌ አያስፈልገውም፣ ቡና አፍሉና ጥሯቸው።

ጥያቄ፦ ለመጪው ዓመት የእናንተ ቤት ምን ልታነቡ ነው? (ብዙዎች ጠይቃችኋል)

መልስ፦ ድምፅ ሰጥተን «እመጓ» አሸንፏል። ከመካከላችን የመንዝ ሰው አሉ፣ ደጋግመው ሲጠይቁን ከርመው አሁን ተሳክቶላቸዋል። ልጅቷ ደግሞ በግጥም እንጀምር ብላ ነበር፣ ስለዚህ በየሳምንቱ መጀመሪያ አንድ ግጥም ራሷ መርጣ ታነብልናለች። ንባቡ የሚጀመረው መስቀል ባለፈ እሁድ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነው፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሚያነቡት ፊደል በጎልማሶች ትምህርት ዘንድሮ የቆጠሩ አንዲት እናታችን ናቸው። ራሳቸው ናቸው የጠየቁት። በዝግታ ይሆናል፣ ችግር የለም፣ ቡናው ሦስት ጊዜ ይፈላል።